ሄድል በአማርኛ ምን ይባላል?

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ፍርድ ቤት ይሁን ሆስፒታል፣ የዌልፌር ቢሮ ይሁን የቤት ኪራይ ክርክር፣ በጠሩኝ ቦታ ሄጄ ሁለት ሰዎች መሀል እቀመጥና የአንዱን ለሌላው አቀብላለሁ። ከራሴ አልጨምርም፣ ከሰው አላጎድልም። በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። የኩላሊት ጠጠርም ሆነ የይግባኝ አቤቱታ አፌን አስይዞኝ አያውቅም። ታዲያ እዚህ ሜልበርን፣ ፊትዝሮይ ሰፈር ውስጥ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት የሽመና አስተማሪ በአንድ ቃል ኩም አደረገችኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ቡክ ያደረጉኝ ለሐሙስ ጠዋት ነበር። ከመንግሥት ፎቆቹ የሚመጡ እናቶቻችን ከፈረንጅ አሮጊቶች ጋር እየተቀመጡ የሚፈትሉበትና የሚሸምኑበት፣ በሰፈሩ ማዕከል ውስጥ ያለ ክፍል ነው። አስተማሪዋ የሽመናውን ዕቃ እያዞረች ስታሳይ እኔ ከኋላ ከኋላዋ «ይሄ ድር ነው፤ ይሄ ማግ ነው» እያልኩ በኩራት እሄዳለሁ። ከዚያ መሀሉ ላይ ተደርድረው የተንጠለጠሉትን፣ ወገባቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸውን ቀጫጭን ክሮች በጣቷ ዳበሰችና «ይሄ ደግሞ ሄድል ነው» አለች። እናቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድሩ በመሀሉ የሚያልፍበት... ድሩን ወደ ላይ የሚያነሳው... ክር» አልኩ በመጨረሻ። ቤቱ ጠፍቶት ሰፈሩን የሚዞር ታክሲ ነበር የመሰልኩት።

አንዲት እናት እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሳቁብኝ። «ስሙ ነዋ የጠፋሽ! አይዞሽ፣ እኛም አናውቀው። የሴት ሥራ መፍተል ነው፤ ሽመናው የወንድ ነው። ሸማኔ ጠይቂ።»

ሸማኔ ጠይቂ! ሸማኔ እኮ ቤቴ አለ። አባቴ ናቸው፤ ፍሌሚንግተን ፎቁ ላይ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ቀርቶ በመላው ሜልበርን አልነበረም፤ አለመኖሩን እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ተወልደው፣ እግራቸው ሸማኔ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ወለል መርገጥ ሲችል ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ሽመና የተማሩ ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል አድርገው እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤተክርስቲያን ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ «ጋሼ፣ አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጨርቅ እነግድ ነበር።» እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መነሳት እንደሌለበት ብቻ አውቃለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ጨርቁም ንግዱም ቀረና፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ትራም ማየት ሥራቸው ሆነ።

«አባባ፣ ድሩን የሚያነሳው ክር ስሙ ማነው?» አልኳቸው ያን ቀን፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሥራ ላይ ገጥሞኝ ነው።»

«ተይው።»

ተውኩት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቃል ካመለጠኝ የበላሁት የማይስማማኝ ሴት ነኝ። ምሳ እያቀረብኩ፣ ለራሴ እንደማወራ ሆኜ፣ «ፈረንጆቹ ሄድል ይሉታል። ማንሳት ከሚል የድሮ ቃል ነው አሉ የመጣው» አልኩ። አባቴ ጉርሻቸውን መንገድ ላይ አቆሙት።

«ማንሳት?»

«አዎ፣ ማንሳት።»

«ልክ ናቸዋ! ሥራው ማንሳት አይደል!» ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። «እስቲ መወርወሪያውንስ ምን ይሉታል?»

መወርወሪያ ማጉን ይዞ በድሩ መሀል ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ነው። እሱንም አይቼ ነበር፤ ሻትል ይሉታል፤ ከጥንቱ የሚወረወር፣ ጦር መሳይ ነገር ስም ነበር። መመላለሱን አይተው ደግሞ ዛሬ ወደ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰውን አውቶቡስ በሱ ይጠሩታል። ይህን ስነግራቸው አባቴ ከት ብለው ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ገና ያኔ ነው። «እኛም መወርወሪያ፣ እነሱም መወርወሪያ! ተማክረው ነው እንዴ?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ሳንነጋገር ውል ገባን፤ እኔ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነአመጣጡ አመጣለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ከሽመናው ጉዳይ አንዱን ያጫውቱኛል። ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ በር ላይ ነው የሚጠብቁኝ። «ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል፣ ዳቦ እንዳመጣላቸው ሁሉ።

ማጉን የሚመታውን፣ እንደ ማበጠሪያ ያለውን ክፍል ሪድ እንደሚሉት ነገርኳቸው። ሪድ ማለት ሸምበቆ ነው። ዛሬ ከብረት ይሠሩታል፣ ስሙ ግን ሸምበቆ እንደሆነ ቀረ። «የእኛስ ከሸምበቆ አልነበር እንዴ! አባቴ ራሱ እየሰነጠቀ ነበር የሚሠራው» አሉና ጣታቸውን አሳዩኝ፤ አንዲት ስንጣሪ በልጅነታቸው የተወችው ጠባሳ አለ። እኔ ያንን ጠባሳ የፋብሪካ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ቀን ሰልቬጅን ይዤ ሄድኩ። «የራሱ ጠርዝ» እንደማለት ነው፤ ጨርቁ ሲሸመን በራሱ የሚቋጨው፣ መርፌ የማያስፈልገው ዳር። አባቴ ይሄን ስም አጣጣሙት፣ ደጋግመው አሉት። ሸማኔ የሚታወቀው በመሀሉ ሳይሆን በዳሩ ነው፤ መሀሉን ማንም ይሠራዋል አሉኝ።

በጣም የገረማቸው ግን ትረም ነው። ሸማው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ዕቃው ላይ የሚቀረው የድሩ ጫፍ ስም ነው። «እሱንም ስም አወጡለት?» አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «እሱ እኮ አይጣልም። አዲሱ ድር የሚገባው ከሱ ጋር ጫፍ ለጫፍ እየተቋጠረ ነው። እሱን ነቅሎ የጣለ ሸማኔ ሥራውን ከሀ ሊጀምር ነው።»

«የሄድሉስ ስም?» ባልኩ ቁጥር ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እሱ በአፍ ብቻ አይነገርም። አባቴ የነገረኝ ከጎኑ አስቀምጦ፣ እጄን ይዞ አስነክቶኝ ነው። ሴት ደግሞ ሽመና ላይ አትቀመጥም።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሜልበርን ነው!»

«ሽመናው መቼ ሜልበርን መሆኑን ያውቃል?» ብለው ወደ ትራማቸው ዞሩ። በሽቄ ሰሃን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩት።

አንድ ቀን ስፒንስተር የሚለውን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ የምትፈትል ሴት ማለት ነበር፤ በቃ፣ እንጀራዋን በእንዝርቷ የምታገኝ ባለሙያ። ኋላ ባል ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም መሳቂያና መሳደቢያ። እየተናገርኩ በገዛ ወሬዬ ተናደድኩ። «እስቲ አሁን፣ ሠርታ የምትበላ ሴት ስም እንዴት ስድብ ይሆናል? ምን የሚሉት ጉድ ነው?»

አባቴ አልሳቁም። «እነሱም ጋ አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑ?»

«የሰውን ሥራ ስድብ ማድረግ።»

ከዚያ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው እናቴን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ቆመው ሳሉ የእናቴ አባት «ልጄን ለቁጢት በጣሽ አልሰጥም» ብለው ከደጅ መለሷቸው። ቁጢት በጣሽ ሸማኔን ማዋረጃ ስድብ ነው፤ የለበሰውም ያለበሰውም አገር ምድሩ ሲጠራበት የኖረ። እናቴ ከቤት ወጥታ አባቴን ተከተለች። አባቷን ዳግመኛ ሳታያቸው እሳቸውም ሞቱ፣ እሷም እዚህ አረፈች። «አባቷን ያጣችው በእኔ ሥራ ነው» አሉኝ አባቴ፣ እጃቸውን እያዩ። የጨርቅ ነጋዴው ወሬ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያ ቃል ወደ ልጆቻቸው እንዳይደርስ አጥር ማጠራቸው ነበር።

እና ልክ በዚያ ሰሞን ልጄ ላገባ ነው አለች። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ ነርስ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው የሚኖሩት፤ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ እንደ አገራችን ሥርዓት ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል። ልጄ ነገሩ ፌስታ መስሏት እያጨበጨበች ስትነግረን የአባቴ ፊት አመድ ሆነ። «ነጋዴ ነበር በሏቸው። እንዳትስቱ» አሉ። በረሃ ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ሲፈሩ ግን አይቻቸው አላውቅም።

ልጄ «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ያንን ስድብ ወደ እንግሊዝኛ አልመለስኩላትም። በሥራ ዘመኔ እያወቅሁት ያልተረጎምኩት ቃል እሱ ብቻ ነው። አልጸጸትበትም።

ቢሆንም አባቴ የጀመርነውን አልተዉም። እንዲያውም አንድ ሐሙስ «እስቲ ያን ዕቃ ልየው፤ ለማየት ብቻ» ብለው ተነሱ። በትራም ይዣቸው ሄድኩ። የፈረንጅ ሽመና ጉድጓድ የለውም፤ ከፍ ያለ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡበት። «እግራችንን እንዲህ አንጠልጥለን ነው እንዴ የምንሠራው?» ብለው አጉረመረሙ። ግን እጃቸው መወርወሪያውን ሲይዝ፣ እመኑኝ፣ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩዋቸው። ከፈረንጆቹ በዕድሜ የምትበልጠው ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ ወደ ጠባብ ቤት ልትዛወር መሆኑንና ቤቷ ያለው የሽመና ዕቃ እንደማይገባላት ነገረችን። «የሚሠራበት ሰው ቢወስደው ደስ ይለኛል። ከእናቴ የመጣ ኤርሉም ነው» አለች። እኔም «ከእናቷ የወረሰችው፣ የቤተሰብ ቅርስ ነው» ብዬ አስተላለፍኩ።

ቃሉ ግን ከነከነኝ። ስንመለስ ትራሙ ላይ ስልኬን አወጣሁ። ኤር ወራሽ ነው። ሉም የሽመና ዕቃ።

«አባባ፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈውን ክቡር ነገር ሁሉ፣ የወርቅ ቀለበቱንም የብር ማንኪያውንም፣ 'ለወራሽ የሚቀር ሽመና' ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ሽመናን ያወርሳሉ?» አሉ። «ሳይደብቁ?»

እዚህ ላይ አስተርጓሚነቴ ያዘኝ፤ አልጨምርም አላጎድልም ብያለሁ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ድሮ ድሮ ሉም ማለት ማንኛውም የሥራ መሣሪያ ነበር። ኋላ ነው ለሽመናው ብቻ የቀረው።»

ያዝኑ መስሎኝ ነበር። «እንዲያውም ይሄ ይሻላል!» አሉ። «አንጥረኛውም፣ ሸክላ ሠሪዋም አሉበት ማለት ነዋ።»

ዕቃው ሳሎናችን ገባ፤ ሶፋው ወደ ኮሪደር ተሰደደ። አባቴ ለልጄ የሙሽራ ነጠላ ጀመሩ፤ ነጭ በነጭ፣ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቅማ። የእናቴ ፎቶ ትይዩ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ ይውላሉ። ልጄ ከሥራ ስትመጣ ስልኳን ይዛ አጠገባቸው ትኮለኮላለች፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ እኔን የሚፈልግ የለም። በር ሲንኳኳ ግን አባቴ ብድግ ይሉና አንሶላ ጣል ያደርጉበታል። ከሥሩ ሬሳ ያለ ነው የሚመስለው።

የሽምግልናው ቅዳሜ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንደኛው የልጁ አጎት ነው። በዚያ ቀን ሊፍቱ መበላሸት! ደረጃውን ሁሉ በእግራቸው ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። አንሶላው በቦታው ነው። «ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ አባቴ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ የአንድ ወንበር መደገፊያ ያዝ አድርገው። ሥርዓቱ ነው፤ ምን ይደረግ።

ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ አመሰገንን። ከዚያ አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ እንቁጠር። ጋሼ፣ እርስዎ ጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ሰምተናል። አባትዎስ በምን ይተዳደሩ ነበር?» አለ።

አባቴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ሄዱና አንሶላውን ገፈፉት። ግማሽ የደረሰው ነጠላ በመስኮቱ ብርሃን ቦግ አለ።

«ነጋዴ አይደለሁም» አሉ። «ሸማኔ ነኝ። አባቴም ሸማኔ ነው፣ አያቴም ሸማኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያም ብትቆጥሩ ያው ነው። ይሄንን ሳትሰሙ እንዳትቀመጡብኝ። የማትፈልጉን ከሆነ ቆማችሁ ሳላችሁ ንገሩኝ። ቆመው የተመለሱ ሽማግሌዎች ከዚህ በፊትም አውቃለሁ።»

አጎትየው ሁለቱን ሽማግሌዎች አየ፣ ነጠላውን አየ። «የልጁን አባት ላማክር» አለና ስልኩን ይዞ ኮሪደር ወጣ።

ፈረንጅ በጭንቀት ሲጠብቅ ቴንተር ሁክስ ላይ ነኝ ይላል። ቴንተር የታጠበ ሱፍ እንዳይሸበሸብ በዙሪያው በተተከሉ መንጠቆዎች ተወጥሮ የሚደርቅበት የእንጨት ማዕቀፍ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ስንቴ «ተጨንቄአለሁ» ብዬ እንደዋዛ አሳልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን መንጠቆው እያንዳንዱ የት የት ላይ እንደገባ ማሳየት እችል ነበር። አባቴ እጃቸውን የዕቃው እንጨት ላይ እንዳሳረፉ ቆመዋል። ከውጭ የአጎትየው ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ምን አለ?» አሉ ታላቁ።

«ሳቀብኝ» አለ። «'ሸማኔ መሆናቸውንማ ከጥንት እናውቃለን፤ ልጅቷ ሲሠሩ በስልኳ እየቀረጸች ስትልክ፣ ሚስቴ ለዘመድ ሁሉ ስታሳይ ከርማ የለ! አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው። በል ሰዎቹን አታጉላላ' አለኝ።»

ሁላችንም ወደ ልጄ ዞርን። ወጥ ቤቱ በር ላይ መጠጥ የያዘ ትሪ ተሸክማ ቆማለች። «ምነው?» አለች በእንግሊዝኛ፣ ግራ ገብቷት። «ምስጢር ነበር እንዴ?»

ይሄን ማን ይተርጉም? አባቴ ግን ገብቷቸው ነበር። አንሶላውን ከመሬት አነሱ፣ አጣጥፈው አጣጥፈው ለልጄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። «አልነበረም» አሉ በአማርኛ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ታዲያ እንቀመጥ ወይስ አንቀመጥ?» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «ኧረ ጉልበታችን አለቀ እኮ!»

ተቀመጡ። ሦስቱም።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ነጠላው አለቀ። አባቴ መቀሱን አንስተው ቆረጡት፤ ለልጄ አለበሷት፤ ዳሩን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ዕቃው ላይ የድሩ ጫፎች ሳይነቀሉ ቀርተዋል። የሚያነሷቸው መስሎኝ ስጠብቅ፣ ከአግዳሚው ተነሱና ቦታውን በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ሴት አትቀመጥም ብለውኝ የለ?»

«እናትሽ በዚህ ሥራ አባቷን አጣች» አሉ። «አንቺ ተቀመጪና ከአባትሽ ጋር ሥሪ።»

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ጎንበስ ብለው እጄን ያዙ፤ በዚያ ጠባሳ ባለበት ጣታቸው ጣቴን መርተው የተንጠለጠሉትን ክሮች አስነኩኝ፤ ስማቸውንም በጆሮዬ ነገሩኝ። አጭር ቃል ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ በአፍ ብቻ አይነገርም ተብያለሁ።

ልጄ ነጠላዋን እንደለበሰች አጠገባችን ቆማ «ምን አለሽ? ምን ማለት ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ፈቀቅ አልኩላት። «ነይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።